ወደ ሞጣ ያስያዝኸኝ ወረቀት

ለደምሴ፣

ከተለያየን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እንደምን ሰነበትህ አልልህም፤ የሰነበትሁት እኔ ነኝ። በሕይወት ሳለህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ስልህ ኖሬያለሁ። ይህንንም ደብዳቤ በ«እርስዎ» ጀምሬው ነበር፤ ሦስት መስመር እንደሄድሁ ንዴቴ እየበረደ አስቸገረኝ፣ ቀድጄ ጣልሁት። ዛሬ አንተ ነህ።

ልጅህ እናኑ ከግንደወይን መጥታ ሰንብታ ነበር። ልጽፍልህ እንደሆነ ስነግራት ደነገጠች። «እማ፣ ተዪው። ሙት ወቃሽ አትሁኝ። አፈር የለበሰ ሰው መልስ አይሰጥም» አለችኝ። «ነጭ ጋውን ለብሶስ መች ይመልስልኝ ነበር?» አልኋት። ሳቀች፤ ኋላ ደግሞ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። በር ላይ የሰቀልኸውን ሰሌዳ አውርጄዋለሁ። «ሐኪም ደምሴ» የሚለው ቀለም ከለቀቀ ቆይቷል፤ አሁን የጎረቤት ዶሮ ቤት መዝጊያ ነው። የጃንሆይን ፎቶ ከነመስተዋቱ እናኑ ወሰደችው። ጋውንህን አጥቤ፣ አፍልቼ፣ በመቀስ ቆራርጬ የሕፃን መጠቅለያ አድርጌዋለሁ። ከአንዱ ጋውን ስድስት ወጣ። ከጀርባው የተቆረጠው ይሻላል፤ ከፊቱ ባለው ላይ አዮዲኑ አልለቅ ብሏል። እስካሁን አራት የቢቸና ሕፃን ባንተ ልብስ ተጠቅልሎ እናቱ ጉያ ገብቷል።

አዎ፣ ቢቸና ነው ያልሁህ። የቁስል ቤትህ አሁን ማዋለጃ ነው። ሰው ይሰፋበት የነበረው አልጋ ላይ ሴቶች ይወልዱበታል። ቄሱ ጠበል ይዘው በሳምንት አንዴም ሁለቴም ይመጣሉ፤ ይረጩናል፣ ጥቂት ይቀማምሳሉ፣ ይሄዳሉ። ቤቱም በገበያ ቀን አልተዘጋም። ይህን ስትሰማ ምን እንደሚሰማህ አውቃለሁ። ስለማውቅ ነው ከሁሉ አስቀድሜ የጻፍሁልህ።

ይህን ሁሉ በሆዴ ይዤ መኖር እችል ነበር። ዝምታ ለምጃለሁ። ያናገረኝ ሙት ዓመትህ ነው። ደግሼ፣ ዳስ ጥዬ፣ አገሩን ጠርቼ፣ እንደ ወጉ አደረግሁልህ። ጠላ እየቀዳሁ ስዞር ጫኔ፣ የበሬ ነጋዴው፣ ከመደቡ ተነሣ። ጥምጥሙን ገፋ አድርጎ ግንባሩን አሳየ። «ወንድሞቼ፣ ይኸን እዩት! በሬ ወግቶኝ ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር። ሐኪም ደምሴ ስድስት ቦታ ሰፋኝ፤ ቅንጣት አላመመኝም። እንዲህ ያለውን እጅ አፈር ይብላው?» አለ። ዳሱ ሙሉ «እጁ ወርቅ ነበረ! ነፍሱን ይማር!» ብሎ ተቀበለው። እኔ ከኋላው ቆሜ ነበር። ዋንጫውን ሞልቼ ሰጠሁት። «እግዜር ያጥናሽ እመት የሻረግ» አለኝ።

ስድስት አይደለም ደምሴ። ሰባት ነው። የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። አንተ ከራስጌው ቆመህ ዓይኑን በነጭ ጨርቅ ሸፍነህ፣ «አይዞህ ጫኔ፣ አንዲት ብቻ ቀረችኝ» ትለው ነበር። ሦስት ቀርተውኝ ነበር።

እጅህ የከዳህ ያ ትልቁ ንዳድ ከያዘህ በኋላ ነው። ከአልጋ ስትነሣ ቀኝ እጅህ አብሮህ አልተነሣም። መርፌ ትይዛለህ፣ መርፌው እንደ ንብ ይርገበገባል። ወታደር ቤት ተምረህ፣ ድሬሰር ተብለህ፣ ስንቱን የሰፋህ ሰው መርፌህ ከእጅህ ወድቆ መሬት ላይ ስትፈልግ አየሁህ። «የሻረግ፣ ያዢልኝ» አልኸኝ። ያዝሁ። በሳምንቱ «ሳቢልኝ» ሆነ። ክረምቱ ሳይወጣ «ስፊው» አልኸኝ። ውጭ ወንበር ላይ ወረፋ የያዘው ሰው እንዳያየን አረንጓዴውን መጋረጃ ሰቀልህ፣ የበሽተኛውን ዓይን ደግሞ «ደም እንዳታይ» ብለህ ሸፈንህ። እኔ ስሰፋ አንተ ታወራለህ። ስጨርስ በሽተኞቹ ያንተን እጅ ይስማሉ። ያ እጅ ሲሳም እንዳይንቀጠቀጥ በግራህ ደግፈህ ትሰጣቸው ነበር።

ማስተማሩን አስተምረኸኛል፣ ሐሰት አልናገርም። ሰው እየሰፋሁም ጭምር ሁለት ዓመት ሙሉ በፍየል ቆዳ ላይ አለማመድኸኝ። ክሩን ከቁስሉ ጠርዝ ምን ያህል እንደማርቅ፣ ቋጠሮው የት እንደሚውል፣ መቀሱ ስንት ጊዜ እንደሚፈላ ካንተ ነው ያወቅሁት። አንድ ቃል ነበረችህ፣ «መግል ላይ በር አይዘጋም» ትል ነበር። ውስጡ መግል የያዘ ቁስል ከላይ ሲሰፉት ያማረ ይመስላል፣ ኋላ ሰውየውን ይገድለዋል። ይህ ደብዳቤ ከዚያች ቃል የመጣ ነው። እየከፈትሁት ነው።

ፊደል ግን አላስተማርኸኝም። ብለምንህ «ቁስል ፊደል አይጠይቅሽም» አልኸኝ። አንተ ለበሽተኛው ሁሉ ብጣሽ ወረቀት ትጽፍ ነበር፤ እጅህ ሲያበላሽብህ ቀደህ ትጥለዋለህ፣ ሌላ ትጽፋለህ፣ እሱንም ትቀድደዋለህ። ቤቱን የምጠርግ እኔ ነኝ። ብጣሹን እየለቀምሁ በሙዳይ አጠራቀምሁት። ስትጽፍ ምን እንደምትል እሰማለሁ፤ «በቀን ሁለት ጊዜ»፣ «እንዳይርስ»፣ «ሐሙስ ተመለስ»። የሰማሁትን ካየሁት ጋር እያጋጠምሁ፣ ፊደሉን አንድ አንድ እያልሁ ለየሁት። ከዚያ ወዲህ ነው የሳሙና ካርቶኑንና ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ያነበብሁት። አንተ ግን ካርቶኑን ሳነብ ነው ያገኘኸኝ፤ ለእንግዳ ሁሉ «ካርቶን አንባቢዋ» እያልህ ታስቅብኝ ነበር። «የእኔን ጽሕፈት ግን እንኳን እሷ የደብረ ወርቅ ደብተራም አይፈታውም» ትላለህ። እኔ ሳቁ እስኪያልቅ ቆሜ ሳህኑን አነሣለሁ። ዝም ያለ ሰው የማያውቅ ይመስልሃል።

ያን ቅዳሜ ታስታውሳለህ። አላስታውስም ብትለኝ አላምንህም። ገበያው ሞልቷል፣ ወንበሩ ላይ ሦስት ሰው ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። ከቆላው ወገን አራት ወንዶች አንዲት ሴት በቃሬዛ ይዘው ደረሱ። ሁለት ቀን አምጣለች። አንተ በሩ ላይ እጅህን ዘርግተህ ቆምህ። «ይህ የቁስል ቤት ነው፣ የአራስ ቤት አይደለም። የወሊድ ደም ከነካው ቄስ መጥቶ ሳይረጨው ማን ይገባል? በገበያ ቀን ቤቴን ልትዘጉብኝ ነው?» አልህ። ባሏ የጋውንህን ጫፍ ይዞ «ሐኪም፣ በጊዮርጊስ! አንድ ጊዜ እዩዋት ብቻ!» ይልህ ነበር። «ሞጣ ጤና ጣቢያ ውሰዷት» አልኸው። ሞጣ! በሰው ትከሻ!

ከዋንዛው ሥር አስተኟት። እኔ ወጣሁ። የልጁ አንድ እጅ ቀድሞ ወጥቶ ነበር፣ ቀዝቅዟል። ሁለት ዓመት የተማረው እጄ እዚያ ጋ ሲደርስ መሀይም ሆነ። ላዙረው፣ ልግፋው፣ ልሳበው አላውቅም። እሷን አቅፌ ከመቀመጥ በቀር ያደረግሁላት ነገር የለም። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ሞተች። ባሏ ነጠላዋን ፊቷ ላይ እየሳበ «ቁስል ብትሆኚ ኖሮ ያስገቡሽ ነበር» አላት። ጮኾ አይደለም፤ ለእሷ ብቻ ነበር የነገራት። እኔ ስለቀረብሁ ሰማሁት።

ቃሬዛው ገና ከአጥሩ ሳይወጣ አንተ ከበሩ ሆነህ «የሻረግ፣ ግቢ እንጂ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አልኸኝ። እጄን ዘርግቼ አሳየሁህ። እስከ ክርኔ ደም ነበር። «ታጠቢና ግቢ» አልኸኝ። «መታጠብ አይበቃም። ቄስ ሳይረጨኝ አልገባም» አልሁህ። ሕጉ ያንተ ነበር፣ ገበያተኛው ሁሉ ካንተ አፍ ሰምቶታል። ብቻህን ገባህ። በመስኮቱ አየሁህ። መርፌውን አነሣህ፣ አየኸው፣ መልሰህ አስቀመጥኸው። ሦስቱንም ሰው አዮዲን ቀብተህ በፋሻ ጠቅልለህ «ይህ ስፌት አይፈልግም» ብለህ ሰደድህ። አንደኛው አጥንቱ ይታይ ነበር።

ያን ቀን ነው የቁስል ሥራ ከልቤ የወጣው። አንተም ያን ቀን ነው የጠላኸኝ።

ብዙም ሳይቆይ ሲስተር አልማዝ ከሞጣ ለፈንጣጣ ክትባት መጣች። ሕፃናቱን እያቀፍሁ ስይዝላት እጄን ታይ ነበር። «ይህ እጅ ሥራ ያውቃል። ማን አስተማረሽ?» አለችኝ። ነገርኋት፤ ስለ መጋረጃው ግን አልነገርኋትም። «ማዋለድ የሚማሩ ሴቶች እቀበላለሁ። መጀመሪያ ግን ካስተማረሽ ሰው ወረቀት አምጪ። ምን እንደምትችዪ ይጻፍ፣ በፈቃዱ እንደለቀቀሽም ይጻፍ። የሰው ተማሪ ቀማችኝ እንዳልባል» አለችኝ።

ላንተ ለመንገር ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። መቀሶቹ እሳት ላይ ሲፈሉ መረጥሁ፤ እነሱ እየፈሉ አንተ ከወንበርህ አትነሣም። «አንድ ነገር ልነግርዎት ነው» አልሁ። «የቁስሉ ሥራ ይብቃኝ። ሞጣ ሲስተሯ ጋ ሄጄ ማዋለድ ልማር። እንዲለቁኝ፣ ወረቀትም እንዲጽፉልኝ ነው።» መጀመሪያ ሳቅህ። «ካርቶን አንባቢዋ አዋላጅ ልትሆን!» አልህ። ሳቁ ሲያልቅብህ ጮኽህ። «ሁለት ዓመት ያስተማርሁሽ ለዚህ ነው? ስንቱ የሚሰፋ ሰው በር ላይ ቆሞ፣ አንቺ ሞጣ ወርደሽ የሰው ምጥ ልትጠብቂ?» አልኸኝ። «ያቺስ በር ላይ አልነበረችም? ቆማ ሳይሆን ተኝታ ነበር» አልሁህ። በጋብቻችን ዘመን ያን ያህል ተናግሬህ አላውቅም። ውኃው ተንተክትኮ ሲያልቅ መቀሶቹን አውጥቼ ደረደርሁ።

አንድ ጥያቄ ነበረች ያልጠየቅኸኝ። «ማን ይሰፋልኛል?» ብትለኝ ኖሮ፣ ደምሴ፣ ይህችን ሦስት ቃል እንኳ የማትሞላ ነገር ብትናገር፣ መልስ ነበረኝ። ሌላ ሰው እናስተምር ነበር። እኔም ተምሬ እስክመለስ ብለን እንመክር ነበር። አንተ ግን እጅህ እንደታመመ ለእኔ እንኳ በአፍህ አልነገርኸኝም። እያየሁህ ደበቅኸኝ።

በሳምንቱ ለስላሳ ሆንህ። ወረቀት ጻፍህልኝ። ለብቻህ ተቀምጠህ፣ ብዙ ቀደህ፣ ብዙ ጽፈህ። አጥፈህ ሰጠኸኝ። አላሸግኸውም። «ለሲስተሯ ስጫት፣ መልካም ነው» አልኸኝ። ጉልበትህን ሳምሁ። ይህን ሳስብ ከንፈሬን እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

እህል በጫነ መኪና ላይ ተሳፈርሁ። ደብረ ወርቅ ስንደርስ ጎማ ተነፈሰ፣ ሁላችንም ወረድን። አጥር ሥር ተቀምጬ ወረቀቱን አወጣሁት። ለመሰለል አልነበረም፤ መልካም ነው ያልኸኝን መልካም ለማየት ነው። ደግሜ ማንበብ አላስፈለገኝም፣ ያንተን ፊደል ከሰው ሁሉ በላይ የማውቅ እኔ ነኝ።

«ይህች ሴት ባለቤቴ ናት። ፈቃዱ አላት፤ ነገር ግን እጇ ስለሚንቀጠቀጥ መርፌም ሆነ መቀስ ልትይዝ አትችልም። ልቧ እንዳይሰበር ጥቂት ቀን መጥረጊያ አስይዛችሁ መልሱልኝ።»

እጇ ስለሚንቀጠቀጥ። የራስህን እጅ ቆርጠህ በእኔ ላይ ሰፋኸው። ከቁስል በላይ ያስተማርኸኝ ይህን ነው።

ቀድጄ ልጥለው ነበር። ያለ ወረቀት ብሄድ ሲስተሯ አትቀበለኝም። ይዤው ብሄድ መጥረጊያ ነው። ብመለስ መጋረጃው ነው። መኪናው እስኪሠራ ድረስ ከዚያ አጥር ሥር ሆኜ ሦስቱን አገላበጥሁ፤ ሹፌሩ «እትዬ፣ ልንሄድ ነው» ሲል ወረቀቱን አጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትሁት። ያንተን ነገር ሁልጊዜ የማኖረው እዚያ ነበር።

ሞጣ ስደርስ የሲስተር አልማዝ ሁለቱም እጆች ሳሙና ነበሩ። «ገልጠሽ ያዢልኝ፣ ላንብበው» አለችኝ። ገልጬ በሁለት ጣት ፊቷ ላይ ያዝሁላት። ማንበብ ጀመረች። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ የሚለው ላይ ስትደርስ አወቅሁ፤ ዓይኗ ከወረቀቱ ወደ ጣቴ መጣ፣ ከጣቴ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። አንብባ እስክትጨርስ ወረቀቱ አልተንቀሳቀሰም። ፊደልህ ግን ወረቀቱ ላይ ሆኖ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ «እጇ» የሚለው ቃል ራሱ እንደ ትል ተጠማዝዟል።

«ማን ነው ይህን የጻፈው?» አለችኝ።

«ባለቤቴ ነው።»

«የት ሆኖ?»

«መኪና ላይ» አልኋት። ዋሸሁልህ። ለምን እንደሸፈንሁህ አላውቀውም። ስለወደድሁህ ነው ብለህ እንዳትኮራ።

«የቢቸና መኪና ቆሞም ይንቀጠቀጣል?» አለችና እጇን ታጠበች። «ነገ ጠዋት ነይ። መጥረጊያ የሚይዝ ሰው አለን።»

ለፋሲካ ቤት መጣሁ። ከስተሃል። ወንበሩ ላይ ወረፋ የያዘ ሰው አልነበረም። ዶሮው ወጥቶ፣ ሰው ተሰናብቶ፣ ሁለታችን ስንቀር «ወረቀቱን ሰጠሻት?» አልኸኝ። ሰጠሁ አልሁህ። «አነበበችው?» አዎ አልሁህ። «ምን አለች?» ነገ ነይ አለችኝ አልሁህ። ፊትህን ወደ ግድግዳ አዞርህ። እኔም አንብቤዋለሁ የሚለው ቃል ጥርሴ ላይ ቆሞ ነበር። ዓመት በዓል ነው፣ ከስቷል፣ ሌላ ጊዜ እነግረዋለሁ ብዬ ዋጥሁት። ሌላ ጊዜ አልሰጠኸኝም። ክረምቱ መንገዱን ዘጋው፣ ጭቃው መኪና አላሳልፍ አለ፤ መሞትህን የነገሩኝ ከተቀበርህ በኋላ ነው። የምጣላውን ሰው ይዘህብኝ ሄድህ።

ስመጣ አልጋህን አነሣሁ። ከፍራሹ ሥር፣ እኔ ሙዳዬን የምደብቅበት ቦታ ላይ፣ ያንተ ወረቀት ተደርድሮ አገኘሁ። «ደምሴ ደምሴ ደምሴ» ይላል፣ ገጹ ሙሉ። ሌላውም ገጽ እንዲሁ። ስምህን እንደ ድሮው ለመጻፍ ስትለማመድ ኖረሃል። መጨረሻ ላይ ያሉት ፊደሎቻቸው ወደ ሌላ ወገን ያዘነበሉ ናቸው፤ በግራ እጅህ ሞክረሃል። አላለቀስሁም። ወረቀቶቹን አልጋው ላይ ዘርግቼ ሰደብሁህ። በአንድ ፍራሽ ላይ እየተኛን፣ አንዱ ከሥሩ ፊደል ደብቆ፣ ሌላው ከሥሩ ፊደል ደብቆ፣ አንድ ቀን «ነይ እጄን ያዢልኝ» ብትለኝ ምን ነበረበት? መርፌውን እንጂ እጅህን ያዢልኝ ብለኸኝ አታውቅም።

እናኑ ይቅር በዪው ትለኛለች። መግሉ ሳይወጣ አልዘጋውም፤ ያንተ ትምህርት ነው። እስከዚያ እንዲህ እናድርግ። ይህን ደብዳቤ አላሽገውም፤ አንተም ያንን አላሸግኸውም ነበር። መግቢያው ላይ፣ ሰሌዳህ በነበረበት ምስማር ላይ እሰቅለዋለሁ። ጫኔ ሚስቱ ልትወልድ ቀኗ ደርሷል፣ ይዟት ይመጣል። በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ያነበዋል፣ ካልቻለም ይነበብለታል። ግንባሩን በጣቱ ይቁጠር። ሰባት ነው።

አረንጓዴውን መጋረጃ ግን አላወረድሁትም። የምትወልድ ሴት ትፈልገዋለች።

አስታውስሃለሁ። ከማስታወስ የሚያሳርፈኝ ነገር የለም። ይህ እጄም አንድ ቀን ይከዳኛል፤ ከሥጋ ነው የተሠራው። ምናልባት የሕፃን ራስ ይዤ ሳለሁ፣ ምናልባት እትብት ስቋጥር ይርገበገባል። ያን ቀን መጋረጃውን በሙሉ ገልጬ፣ ወንበሩ ላይ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ እጄን አሳያለሁ። «እጄ ተንቀጠቀጠ። ማን ይያዝልኝ?» እላለሁ። ጮክ ብዬ ነው የምለው፣ ያለህበት ድረስ እንዲሰማህ።

ባለቤትህ የነበርሁ፣ የሻረግ